የዊሎባንክ መርፌና የረጋሳ በሶ

ቦጋለ በሚኒሶታ፣ በኮሎምቢያ ሃይትስ ሀበሾች ዘንድ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ የከተማ አውቶብስ ሲነዳ እየሮጠ የሚመጣን ሰው ጥሎ ባለመሄዱና ማንም የማያውቀውን ኳስ በመውደዱ። የመጀመሪያው ምስጋና አትርፎለታል። ሁለተኛው ለብዙ ዘመን ያተረፈለት ሳቅ ብቻ ነበር።

ኳሷ ክብ አይደለችም፤ እንደ እንቁላል ሞላላ ናት። ሜዳውም እንደ ኳሷ ሞላላ ነው። ተጫዋቾቹ በእግርም በእጅም ይጫወታሉ፤ ሲያስፈልግ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ዘሎ ወጥቶ ከአየር ላይ ይቀልባታል። ጎሉ አራት ቋሚ አለው። በመካከለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መሀል ያለፈች ስድስት ነጥብ ናት፤ በጎን ያለፈች አንድ። አውስትራሊያኖች ጨዋታውን ፉቲ ይሉታል። ቦጋለ የለመደው ሚኒሶታ ከመግባቱ በፊት፣ ሜልቦርን ውስጥ በአንድ የዶሮ ሥጋ ፋብሪካ ተቀጥሮ ሲሠራ ነው። አንድ ቅዳሜ አጠገቡ ቆሞ የሚሠራ ሰውዬ ወደ ዊሎባንክ ክለብ ሜዳ ይዞት ሄደ፤ አረንጓዴና ነጭ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠመጠመለትና "ከዛሬ ጀምሮ የኛ ነህ" አለው። በዚያ አገር "የኛ ነህ" ያለው ሰው ያ የመጀመሪያው ነበር። በኋላ የሺሀረግን አግብቶ ወደ ሚኒያፖሊስ ሲዛወር ዊሎባንክን በልቡ ይዞ መጣ።

የቤተ ክርስቲያን ወንድሞቹ ተስፋና ሐጌ መጀመሪያ ቤቱ የመጡት ለሻይና ለሳምቡሳ ነበር። ተስፋ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን ቀልደኛ ነው። ሐጌ ደግሞ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚሠራ፣ መንገድ ሲሻገር እንኳ ሁለት ጊዜ የሚያስብ ሰው ነው። ምድር ቤቱ፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ያ የሞላላ ኳስ ነገር ሲታይ መጀመሪያ ሳቁ፤ ሲውሉ ሲያድሩ ግን ተያዙ። ሜልቦርን ላይ ሲጫወቱ ሚኒሶታ ተኝታለችና የሚያዩት የተቀዳውን ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ስለዚህ በቦጋለ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ ውጤቱን የሰማ ሰው ትንፍሽ አይልም። የሁሉም ስልክ ደረጃው ሥር ባለው የልብስ ቅርጫት ውስጥ ይገባል።

ቦጋለ ከሶፋው መሀል ይቀመጥና ሪሞቱን ይይዛል። "አሁን ምን ተፈጥሮ ነው ፊሽካ የተነፋው?" ይላል ሐጌ። ቦጋለ ያቆመዋል፤ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ በጣቱ እያሳየ ያስረዳል። ቀኑን ሙሉ ለሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሲነዳ የሚውል ሰው ነውና ፊቱን እያዩ የሚያዳምጡት በዚያች ከሰዓት ብቻ ነበር። ልጁ ሊናም በዚያ ቤዝመንት ምንጣፍ ላይ ነው ያደገችው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ በከተማዋ ፉቲ የሚጫወት የሴቶች ቡድን እንዳለ ሰማችና ተመዘገበች። ያን ቀን ቦጋለ የሚያደርገው ጠፋው። ቡድኑም እሱን የጎል ዳኛ አደረገው። ነጭ ኮት ለብሶ ከቋሚዎቹ ኋላ ይቆማል፤ ኳሷ ስትገባ ሁለት ጣቱን እንደ ሽጉጥ ወደ ፊት ቀስሮ፣ ከዚያ ሁለት ነጭ ባንዲራ ያውለበልባል። የሺሀረግ ኮቱን በራሷ እጅ ትተኩስለት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በሚያዝያ፣ በረዶው ከሜዳው ጠቅልሎ በጠፋ ሰሞን ነው። ሊና ከልምምድ ስትመለስ ጭቃ የያዘ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ገባች።

"ዳድ፣ ዩ ዎንት ቢሊቭ ዚስ! አዲስ አሰልጣኝ መጣልን። ኢትዮጵያዊ ነው፣ ከሜልቦርን። ሪል ፉቲ ፕሌየር!"

ቦጋለ ደስ ያለው ለመምሰል ሞከረ። "ሪል" የምትለዋ ቃል ግን ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰካች። እውነተኛው ተጫዋች አሁን የመጣው ከሆነ፣ እስከ ዛሬ ቤዝመንት ውስጥ ሲያስተምራት የኖረው ማነው?

ሰውዬው ረጋሳ ይባላል። በልጅነቱ ከአጎቱ ጋር አውስትራሊያ ገብቶ እዚያው ያደገ፣ በአንድ የሰፈር ክለብ ለዓመታት የተጫወተ፣ ቀኝ እግሩን በጥቂቱ የሚያነክስ ቀጭን ሰው ነው። ሚስቱ ፈነት እዚህ ስለምትኖር ነው የመጣው። ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ይኖራሉ፤ እሱ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። ቦጋለ እንደ ወጉ ቤቱ ጠራው። ረጋሳም ኬክ ይዞ መጣ፤ "ጋሼ" እያለ፣ "እርስዎ" እያለ፣ በሁለት እጁ ጨበጠው። ነቀፌታ የሚወጣለት ሰው ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር።

በዚያው ቅዳሜ ሐጌ እንደ ልማዱ "ለምንድነው የተነፋው?" ሲል ቦጋለ አቁሞ አስረዳ። ረጋሳ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀና "ይቅርታ ጋሼ፣ እሱ ሕግ እኮ ዘንድሮ ተቀይሯል" አለ። ከዚያ አዲሱን ሕግ ነገራቸው፤ እንዲያውም ተነሥቶ ትራሱን እንደ ኳስ ይዞ አሳያቸው። ተስፋ ሳቀ፣ ሐጌ አጨበጨበ። በሚቀጥለው ሳምንት ሐጌ ሲጠይቅ ወደ ረጋሳ ዞሮ ነበር። ሪሞቱ አሁንም ቦጋለ እጅ ነው፤ "አቁምልን እስቲ" ሲሉት ያቆማል፣ የሚያስረዳው ግን ሌላ ነው።

ይህንንስ በቻለው። ያልቻለው የሊናን ነው። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ኳሷን ከእጇ ወደ እግሯ ደጋግማ ስትጥል አያት።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ረጋሳ አጣጣሌ ልክ አይደለም አለኝ። ለዚህ ነው ኪኬ የሚጣመመው።"

"እንደዚያ ጣዪ ያልኩሽ እኔ ነኝ።"

"አይ ኖው፣ ዳድ" አለች፣ እየሳቀች፣ በርኅራኄ። "ኢትስ ኦኬ።"

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። "ኢትስ ኦኬ" የሚባለው እኮ ለሕፃንና ለሽማግሌ ነው።

ከዚያ ወዲያ የረጋሳን ስም ሳትጠራ የምታልፍ እራት ጠፋች። ረጋሳ እንዲህ አለ፤ ረጋሳ ግራ እግሬን አሠራኝ፤ ረጋሳ የሚጠጣ ሰጠን። ይህ የሚጠጣ የተባለው በትልቅ ጠርሙስ የሚያመጣው ቡናማ ብጥብጥ ነው። ከልምምድ በኋላ ለልጆቹ ሁሉ ያድላቸዋል። ሊና አንድ ጊዜ ግማሹን መኪና ውስጥ ረስታው ወረደች። ቦጋለ ክዳኑን ከፈተና አሸተተ፤ የተቆላ ገብስ። ቀመሰ፤ ማር አለው፣ ጨው ጣል ተደርጎበታል። በሶ ነው። ልጅ ሆኖ መንገድ ሲወጣ የሚቋጠርለት በሶ። እስኪያልቅ ጠጣው። ጣፋጭ ነበር፤ ይህም አበሸቀው። አውስትራሊያ ያደገ ሰው በሶን ከየት አመጣው? እሱ ራሱ ለልጁ በሶ መስጠት እንዴት አንድ ቀን ትዝ አላለውም?

በሰኔ መጀመሪያ የዊሎባንክ ጉድ ፈነዳ። ክለቡ ባለፈው የውድድር ዘመን ተጫዋቾቹን በየሳምንቱ መርፌ ሲያስወጋ ከርሟል። የስፖርት ሳይንስ ባለሙያ ተብሎ የተቀጠረው ሰው ቫይታሚን ነው ብሏቸው ነበር። መርማሪዎች ግን ከተወጉት አንዱ የተከለከለ አበረታች መድኃኒት ነው አሉ። ማን ምን ያህል እንደተወጋ አስረግጦ የሚናገር ጠፋ። ቡድኑ በሙሉ ሊታገድ ነው ተባለ።

ቦጋለ ወሬውን የሰማ ቀን ምሳ አልበላም። እስከ ቅዳሜ ድረስ መሪውን ይዞ የሚናገረውን ሲያሰላስል ሰነበተ። ልጆቹ ምን አጠፉ? ነጭ ኮት የለበሰ ሰው መርፌ ይዞ ሲመጣ ማን "ይህ ምንድነው?" ይላል? ጥፋቱ የክለቡ ነው፤ ልጆቹ ተታለሉ። እንዲህ ብሎ ሊናገርና ወደ ረጋሳ የዞሩትን ፊቶች ሁሉ ወደ ራሱ ሊመልስ ተሰናዳ። ዊሎባንክ ያለ እሱ ማን አለው?

ቅዳሜ ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም። ተስፋ ገና ሳይቀመጥ ጀመረ፤ "ወገብ የሚያበረታ መርፌ ካለ አድራሻውን ስጡኝ፤ ኤርፖርት ሻንጣው ገደለኝ።" ሐጌ ግን አልሳቀም። "ቀልድ አይደለም። የነዚያ ልጆች እናቶች ዛሬ ምን ይላሉ?" አለ።

ቦጋለ ጉሮሮውን ጠረገ። ረጋሳ ግን ቀደመው።

"ልጆቹ ምን ያድርጉ?" አለ፣ ቀስ ብሎ። "ነጭ ኮት የለበሰ ሰው መርፌ ይዞ ሲመጣ ማን ይጠይቃል? ተታለው ነው። ጥፋቱ የክለቡ ነው።"

ያው ቃል። ከአፉ ላይ ተነጥቆ የተነገረ መሰለው። ሐጌ ራሱን ሲነቀንቅ፣ ተስፋ "እውነት ነው" ሲል አየ።

"አይ! እኔ አልስማማም!" አለ ቦጋለ።

ሁሉም ዞሩ። በመጨረሻ ዞሩለት።

"ክንድ የማነው? የራሳቸው አይደለም እንዴ? ያደገ ሰው ክንዱን ሲዘረጋ ምንድነው ብሎ ይጠይቅ። ካልጠየቀ ማወቅ አልፈለገም ማለት ነው። ይታገዱ! ዋንጫ ካላቸውም ይመለስ!"

"ቦጌ፣ አንተ ነህ?" አለ ሐጌ። "ዊሎባንክ በተሸነፈ ቁጥር ዳኛውን የምትረግመው ሰውዬ?"

"እውነት እውነት ነው።"

ረጋሳ የሱሪውን ቀኝ እግር ሰበሰበና ጉልበቱን አሳያቸው። ጠባሳ አለው።

"ጋሼ፣ እኔም አልጠየቅሁም" አለ። "የፍጻሜ ጨዋታ ነበር። ጉልበቴ አብጧል። አንድ ሰውዬ መልበሻ ክፍል ገብቶ ወጋኝ። ሕመሙ ጠፋ። ሮጥኩ። ጉልበቴ ሲበጣጠስ እንኳ አልተሰማኝም፤ የሰማሁት ድምፁን ነው። ምን እንደወጋኝ ዛሬም አላውቅም። ስላመንኩት አይደለም ያልጠየቅሁት፤ መጫወት ስለፈለግሁ ነው። ከዚያ ወዲያ ተጫውቼ አላውቅም።"

ሻይ ይዛ የወረደችው የሺሀረግ ደረጃው ላይ እንደቆመች ቀረች። "እኔን!" አለች። ሐጌ እጁን ረጋሳ ትከሻ ላይ ጣለ።

ቦጋለም አዘነ። የእውነት አዘነ። ከሐዘኑ ሥር ግን ሌላ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማው፤ ይህ ሰው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ቁስልም አለው። እኔ ምን አለኝ? ሻርፕ! አፉ የተከፈተው ሳያስበው ነው።

"አንተስ ለልጆቻችን በጠርሙስ የምታጠጣቸው ምንድነው?"

ረጋሳ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። "በሶ ነዋ፣ ጋሼ።"

"ዊሎባንክም ቫይታሚን ነው ብሎ ነበር።"

ተስፋ ለመሳቅ ከፍቶት የነበረውን አፉን ዘጋ። ረጋሳ የሱሪውን እግር ወደ ታች መለሰ፤ ቀስ ብሎ፣ ጨርቁን እያስተካከለ። ከዚያ ተነሥቶ የሺሀረግን "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ" ብሎ ወጣ። ሻዩን አልነካውም።

የሐጌ ልጅ ሶሲ ከሊና ጋር በአንድ ቡድን ትጫወታለች። ሰኞ ሐጌ አላስችል ብሎት ለቡድኑ ኃላፊ ደወለ፤ ሊከስ አይደለም፣ ሊጠይቅ ብቻ። ኃላፊዋ ኢንግሪድ የምትባል ቁመተ ረጅም፣ የድምፅዋ መጠን ጨርሶ የማይለወጥ የሚኒሶታ ሴት ናት። እሷም ለቦጋለ ደወለች። ቦጋለ በእረፍት ሰዓቱ አውቶብሱን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

"አንተ የዳኞቻችን ሰው ነህ፣ ባህሉንም ታውቃለህ" አለችው። "ረጋሳ ለልጆቹ የሚሰጠው ነገር ምን እንደሆነ ታውቃለህ?"

ማሩን ገና ምላሱ ላይ የሚያጣጥመው መሰለው። "በሶ ነው፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ እኔም ጠጥቼዋለሁ" ማለት ነበረበት። እሱ ግን በእንግሊዝኛ እንዲህ አለ፤ "ሲበጠብጠው አላየሁም።"

ሐሰት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

"ገባኝ" አለች ኢንግሪድ። "እንግዲያው እስኪጣራ ልምምድ ላይ አይምጣ።"

ስልኩን ሲዘጋ ደስ አለው። ለተሳፋሪው ሁሉ "እንደምን ዋልክ" እያለ ነዳ። ደስታው ግን የሚሲሲፒን ድልድይ ሳይሻገር ጎመዘዘው። ከድልድዩ ማዶ የሴዳር ሪቨርሳይድ ሕንፃዎች ቆመዋል፤ ከነዚያ መስኮቶች በአንዱ ረጋሳ ይህን ዜና እየሰማ ነው።

ወሬ ክንፍ አለው። ሳምንት ሳይሞላ በሌላ ከተማ ያሉ ቡድኖች ሰሙት። ሊና አንድ ከሰዓት አባቷ ከሥራ ሲገባ ኩሽና ውስጥ ቆማ ጠበቀችው፤ ስልኳን ይዛለች።

"እዚህ ግሩፕ ላይ ምን ብለው እንደጻፉ ላንብብልህ?" አለችው። "'ኢትዮጵያዊው ሰውዬ ለሴቶቹ ሲሰጥ የነበረው ዱቄት ምንድነው?' ከሥሩ ሁሉም እየሳቁ ነው። ረጋሳ እንኳ አላሉትም። ዚ ኢትዮፒያን ጋይ። ዛትስ ዩ ቱ፣ ዳድ። እኔም ነኝ።"

"እኔ ምንም አላልኩም። ጥያቄ ነው የጠየቅሁት።"

"የሶሲ አባት ነገረኝ ያልከውን።" ዓይኗ ውሃ ሞልቷል፤ ግን አልፈሰሰም። "ኢንግሪድ ስትደውልልህስ? በሶ ነው አልካት?"

ሊና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ሳታጮኸው፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ወዲያ እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም ነፈገችው።

የሺሀረግ ኩሽናው ውስጥ ሆና ሁሉን ሰምታለች። የልጅቷን የስፖርት ቦርሳ ከፈተች፤ ሳይታጠብ የከረመ ጠርሙስ አወጣች፤ ታቹ ላይ የቀረውን ዝቃጭ በጣቷ ነክታ ቀመሰች።

"በሶ ነው" አለች።

"አውቃለሁ።"

"መቼ አወቅህ?"

"በፊት። መኪና ውስጥ ጠጥቼዋለሁ።"

ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ትጮኻለች ብሎ ጠበቀ፤ አልጮኸችም። "ታዲያ ቦጌ፣ ምን አደረገህ ይህ ልጅ?"

"ልጄን ወሰደብኝ።" ሲናገረው የሕፃን ነገር መሆኑ ለራሱም ተሰማው። "ሰዎቼን ወሰደብኝ። ኳሴንም።"

"ማንም የወሰደብህ የለም። ኳስ ነው ያስተማራት። አሁን ግን አንተው በእጅህ እየሰጠኸው ነው።" ጠርሙሱን ከፊቱ አቆመችው። "የሰው ስም ስታጠፋ እኔ ከጎንህ ቆሜ ኮት አልተኩስም። ዛሬ ልምምድ አላቸው አይደል? ሂድ።"

ሄደ። መንገዱን ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚለውን ሲያሰናዳ፣ የአውቶብስ እንግሊዝኛው "ወደ ኋላ ጠጋ በሉ" እና "ቀጣዩ ፌርማታ" ከማለት አልፎ እንደማያውቅ ተሰማው። ሜዳው ላይ ልጆቹ ያለ አሰልጣኝ ክብ ሠርተው ኳስ ይቀባበላሉ። ኢንግሪድ ከዳር ቆማለች። ሊና አየችውና ፊቷን አዞረች።

"ዋሽቻለሁ" አለ ቦጋለ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ። "ያ መጠጥ የገብስ ዱቄት ነው። ማርና ጨው አለው። አገራችን መንገደኛ የሚጠጣው ነው። ስትደውዪልኝ አውቅ ነበር። ጠጥቼዋለሁ። ረጋሳ ምንም አላጠፋም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" አለች ኢንግሪድ።

"ቀንቼበት ነው" ለማለት የእንግሊዝኛውን ቃል ፈለገ። ያውቀዋል፤ ግን ከባድ ነበር። "ጄለስ" አለ በመጨረሻ። "አይ ዎዝ ጄለስ።" የኳስ ቅብብሉ ቆሞ ስለነበር ቃሏ ሜዳው መሀል ድረስ ተሰማች። ልጆቹ ሁሉ ሰሙ። ሊናም ሰማች።

ኢንግሪድ "ኦኬ" አለች፤ የሚኒሶታ ሰው ብዙ ነገር ሲከፋው የሚላት ረጅሟን "ኦኬ" ናት። ረጋሳን ዛሬውኑ እንደምትጠራው፣ ለሌሎቹ ቡድኖችም ራሷ እንደምትጽፍላቸው ነገረችው። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ የሚያውቀውን ነገር አላየሁም ለማለት የሚቸኩል ሰው ከጎል ጀርባ ሊቆም እንደማይችል፣ ለዘንድሮ ባንዲራዎቹን ለሌላ እንደምትሰጥ አስረዳችው። ቦጋለ አልተከራከረም። ባንዲራዎቹ ከመኪናው ኋላ ነበሩ፤ አምጥቶ በእጇ ሰጣት።

ከሜዳው በቀጥታ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሄደ። በሩን የከፈተችው ፈነት ናት። አላወቀችውም ነበር፤ ስሙን ሲነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ። ቢሆንም ወግ ነውና "ይግቡ" አለችው። ረጋሳ ከሶፋው ተነሣ፣ አሁንም ተነሣ፣ ለታላቅ እንደሚነሡት።

ቦጋለ ቁጭ ሳይል ሁሉንም ነገረው፤ በሶውን መጠጣቱን፣ ስልኩን፣ ሜዳውን። "ይቅር በለኝ" አለ።

"ጋሼ፣ ቤትዎ ያሉት አላስከፋኝም" አለ ረጋሳ። "ተናደው ነው፤ ሰው ይናደዳል። የከፋኝ ሴትዮዋ ስትጠይቅዎ ነው። እዚህ አገር እኔ በሶ ነው ብዬ ብምል ማን ያምነኛል? የሚያምኑት ሌላ ኢትዮጵያዊ ሲናገር ነው። እርስዎ ነበሩ ያሉኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ይቅር ብያለሁ። ቤትዎ ግን አሁን አልመጣም። ትንሽ ይቆይ።"

ፈነት ውሃ አቀረበችለት፤ ቆሞ ጠጣና ወጣ። ረጋሳ ሊፍቱ ድረስ ሸኘው፤ ሁለቱም ሊፍቱ እስኪመጣ የፎቁን ቁጥር ሲያዩ ቆሙ።

በቦጋለ ቤዝመንት ክረምቱ ያለ ረጋሳ አለፈ። ሜዳው ላይ ግን ረጋሳ ልምምዱን ቀጠለ፤ የበሶው ነገር እንዲያውም ዝና አተረፈለት፣ አንዳንዶቹ ነጫጭ ልጆች ከፈነት ዱቄቱን እየለመኑ ወሰዱ። ቦጋለ በየጨዋታው ከገመዱ ውጭ፣ ከወላጆች ጋር ቆሞ ያይ ነበር። ሌላ ሰው ነጭ ኮት ለብሶ ባንዲራ ሲያውለበልብ ያያል፤ በእሱም ይቀናል። አንድ ቀን ሊና በግራ እግሯ አስቆጠረች። መላ ቡድኑን አልፋ ሮጣ የሄደችው ወደ ረጋሳ ነው፤ መዳፍ ለመዳፍ ተማቱ። ቦጋለ አጨበጨበ፤ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ። ሆዱ ግን አላጨበጨበም። ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ሊና "አየኸው?" አለችው። "አየሁት፤ አጣጣልሽ አምሯል" አለ። ከሜዳው ቀን ወዲህ ስለ ኳስ ያወሩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

በመስከረም የዊሎባንክ ፍርድ ወጣ፤ ተጫዋቾቹ ለአንድ ዓመት ታገዱ። የዚያን ቅዳሜ የሺሀረግ ለፈነት ደውላ "ሁለታችሁም ኑ" አለቻት። ረጋሳም መጣ። ሶፋውን ትቶ ደረጃው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ተስፋ "እንግዲህ ፍርዱ ያንተ ሆነ ቦጌ፤ ይታገዱ አላልክም?" አለ።

"አልኩ" አለ ቦጋለ። "ግን ያን ቀን ልናገር ተዘጋጅቼ የመጣሁት ሌላ ነበር። ረጋሳ የተናገረውን ነበር፣ ቃል በቃል። ቀደመኝና ተናደድኩ።"

ተስፋ በሳቅ ፈነዳ። ሐጌም ሳቁን መያዝ አቃተው። ረጋሳ አልሳቀም፤ ግን ከወንበሩ ወደ እነሱ ጠጋ አለ።

"ገርሞኝ ነበር" አለ። "እኔ ግን ክረምቱን ሳስበው ቆይቼ ወደ እርስዎ ሐሳብ ሳልመጣ አልቀረሁም። ክንዱ የራሴ ነበር። መጠየቅ ነበረብኝ።"

"አይደለም፣ እንዴት?" አለ ቦጋለ። "አንተ እኮ ልጅ ነበርክ! ክለቡ ነው እንጂ…"

"ጋሼ፣ ራስዎ ነዎት ያስተማሩኝ!"

"ያኔ ተናድጄ እኮ ነው!"

በዚህ ተያያዙት። ሐጌ አንዴ ወደ አንዱ፣ አንዴ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ተስፋ ነገር ያቀጣጥላል። የቦጋለ ድምፅ ላይ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ሊና ጫጫታውን ሰምታ ወረደች፤ ዙሪያውን አየችና ሄዳ ከረጋሳ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቦጋለ ያቺ የቆየች ቅናት ስትነቃበት ተሰማው። ከዚያ ሐጌን "ጠጋ በልልኝ፣ ረጋሳ የሚለውን በደንብ ልስማው" ብሎ ከሶፋው ተነሣና አንድ ወንበር ወደ ደረጃው አስጠጋ።